ሙጫው እስኪይዝ

በእኛ መጽሐፍ ጥረዛ ቤት ጊዜ የሚለካው በሲጋራ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ አልፈርድበትም። አባታችን የተሰፋውን መጽሐፍ ጀርባውን ሙጫ ይቀባና መጫኛው ሥር ያስገባዋል፤ ከዚያ አንዲት ሲጋራ ይለኩሳል። ሲጋራዋ አልቃ ጣቱን ልታቃጥለው ስትል ሙጫው ይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁን ይለብጥበታል። ቸኩሎ የለበጠ እንደሆነ ጀርባው ይጨማደዳል። ዘግይቶ የለበጠ እንደሆነ ሙጫው ይደርቅና ጨርቁን አልቀበልም ይላል፤ በወሩ ወረቀቱ አንድ በአንድ ይረግፋል።

«ለምን ሰዓት አትገዙም?» ይሉን ነበር። ገዝተን አይተናል። ሙጫ ለሰዓት አይታዘዝም። ዝናብ በዋለበት ቀን እየለገመ ይይዛል፤ ደረቅ ነፋስ ባለበት ቀን ሳናስበው ይቀድመናል። ሲጋራም እንደዚያው ናት፤ እርጥበት ሲኖር ታዘግማለች፣ ነፋስ ስታገኝ ትሮጣለች። ሁለቱ እንደ መንታ እኩል ይሄዳሉ። ሳህን ላይ ካስቀመጧት ግን ትጠፋለች፣ ወይም በአንድ ጎኗ ብቻ ትነድዳለች። ሰው በእጁ ሊይዛት፣ መጫኛው አጠገብም ሊቆም ግድ ነው።

አባታችን ደረቱን ታሞ ማጨስ ሲከለከል ማጨሱን ተወ፤ ሰዓቱን ግን መተው አልቻለም። ስለዚህ ሲጋራዋን የምትይዝለት እጅ ፈለገ። ተራው የእኔ ነበር፤ ታላቅ ነኝና። አንድ ቀን ያዝኩለት። ጭሱ ዓይኔ ገባ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ሳልኩ። ሳሉ እውነት ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ግን ጨመርኩበት። አባታችን «ሂድ አንተ፣ ወደ ስፌትህ» ብሎ ታናሽ ወንድሜን ጠራው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«ያዛት። እንዳታጨሳት። እስክታልቅ ቁም።»

ልጁ እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ይዟት ቆመ። አባታችን ደስ ሲለው «ሰዓቴ» ይለው ጀመር፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አርባ ስምንት ዓመት ሆኖት፣ ራሱ ሸብቶ፣ ደንበኛው ሁሉ «ሰዓቴ አለ?» እያለ ነው የሚገባው። ያን ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባታችን ጀርባውን እንዳዞረ፣ የልጁ እጅ ቀስ ብላ ወደ አፉ ስትሄድ ከመስፊያዬ ሆኜ አይቻለሁ። ለአባታችንም ለእርሱም ምንም አልተናገርኩም።

እኔ እስከ ዛሬ ክሩና መርፌው ላይ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት እየሰፋሁ ካነበብኩት ነው። መጽሐፍ ለስፌት የሚመጣው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ስለሆነ ከመሃል ጀምሬ ከመሃል የተውኩት ነገር ብዙ ነው። ለዚህ ይሆናል ሰው ሲያወራኝ የማላቋርጠው፤ መጨረሻው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። «አድማጭ» ይሉኛል። ምስጋና ይመስላቸዋል።

ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አለፋቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት፣ ደሜን ማሽን ያጥበዋል። ለመርፌው የሚሆን ደም ሥር እያለቀብኝ ነው፤ የግራ እጄ ደም ሥር ሁለት ጊዜ ተዘግቶ አሁን የቀረኝ ቀኙ ብቻ ነው። ኩላሊት እንድትሰጠኝ የባለቤቴ ደም ታየ፤ አልገጠመም። ልጅ አልተሰጠንም። የሰዓቴ ግን ገጠመ፤ ዶክተሯ ውጤቱን ስታይ «እንደ መንታ» አለች። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ እርሱን አየችው።

«ኩላሊቱ ይስማማል። ሰውየው ግን ያጨሳል።»

ስድስት ሳምንት ንጹሕ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ሙከራ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተሰበረ። ለሁለተኛው ስትፈቅድ ዶክተሯ በዝግታ፣ እንደ ልጅ ነገረችን፦ አንዲትም ብትሆን ሳምንት ሙሉ በምርመራ ትታያለች፤ ከእንግዲህ ሦስተኛ ሙከራ የለም፤ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፋይሉን ይዘጋዋል።

«ከተዘጋስ?» አልኳት።

«ሌላ ሰጪ ትፈልጋላችሁ» አለች። ሌላ እንደሌለ ታውቃለች።

የዚያን ዕለት ሰዓቴ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ፓኬቱን ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«አራት ቀርተዋል። አንተ ዘንድ ይቀመጡ።»

«ለምን አትጥላቸውም?»

«ከጣልኳቸው ሌላ እገዛለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንተ ዘንድ ካሉ ግን አንተን እጠይቃለሁ? በየትኛው ዓይኔ አይቼህ ወንድም ጋሼ? እኔ ብጠይቅህ እንኳ እንዳትሰጠኝ።»

«እሺ» አልኩ። የኮቴ ደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ወደ ማሽኑ ስሄድ እንኳ ከኔ ጋር ይሄድ ነበር።

ያ ሁለተኛው ስድስት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ የሚያውቅ የሰማ ብቻ ነው፤ እኔ ሰምቻለሁ። በእኔና በእርሱ መካከል አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ብቻ ነው ያለው። ከረሜላ በጥርሱ ሲሰብር፣ ውኃ ሲጠጣ፣ እንደገና ውኃ ሲጠጣ፣ ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ፣ የሚሄድበት አጥቶ ተመልሶ ሲቀመጥ እሰማለሁ። እርሳስ ያኝክ ስለነበር ቤቱ ውስጥ ጫፉ የተረፈ እርሳስ ጠፋ። አንዳንዴ በባዶ አየሩን ወደ ውስጥ ይስብና ያቆየዋል፤ ሲለቀው ትንፋሹ ይንቀጠቀጣል። ምን ልበለው? በርታ ብለው ለራሴ ነው። ተወው ብለው ሞቴን ነው።

ባለቤቴ የእኔን ያህል አትጨነቅም። ዘወትር ጠዋት በር ላይ ትጠብቀውና «እስቲ ጣትህን» ትለዋለች። ሁለቱን ጣቶቹን አፍንጫዋ ሥር ያቀርባል።

«እትዬ፣ የፖሊስ ውሻ አንቺን ቢያይ በቅናት ሥራውን ይለቅ ነበር።»

«አንተ ልጅ አትቀልድ! ሌላኛውን እጅህን።»

«በግራ አጭሼ አላውቅም።»

«አምጣው ብያለሁ።»

ስቃ ነው የምትለቀው። ከዚያ ገብታ ለብቻዋ ትጸልያለች። ድምጿ ይሰማኛል።

ጭንቁ ሥራው ነበር። ሲጋራ የሌለው ሰዓቴ ሙጫው መቼ እንደሚይዝ አያውቅም። ባለቤቴ የወጥ ቤቷን ደወል አመጣችለት፤ ሲጮህ ይደነግጣል፣ ሙጫው ወይ ገና ነው ወይ አልፏል። በጣቱ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝና «በጸሎት እንለካው» አልኩት። አንድ ጸሎት ረጋ ብዬ ስደግም አንዲት ሲጋራ ልታልቅ ትቃረባለች ብዬ ነው። ሦስት ቀን መስፊያዬ ላይ ሆኜ ስደግም፣ እርሱ መጫኛው ላይ እጁን ጭኖ ቆሞ ሲያደምጥ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ቢለብጠው ጀርባው እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደደ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ፈጣሪን አጣደፍከው መሰለኝ።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመና፣ «ታውቃለህ፣» አለኝ፣ «ከሁሉም የከፋው ጠዋት ይመስለኝ ነበር። ከምግብ በኋላ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሙጫውን ቀብቼ ስጨርስ እጄን የማደርግበት ሳጣ ነው። እጄ የእኔ አይመስለኝም።»

ቀጥል ብዬ ጠበቅሁት። እርሱም አልቀጠለም።

እንዲህ እያልን ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ዓርብ ነበር። ምርመራው ሰኞ ነው። ጠዋት ባለቤቴ ጣቱን አሽታ «ሦስት ቀን ብቻ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እንደገባን ግን የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሁለት ካርቶን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ባለፈው ወር የጠረዝንለት ሃያ የተመራቂዎች ጽሑፍ ነው። አንዱን አንሥቶ በሽፋኑ ይዞ ዘቀዘቀው። ወረቀቱ ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«እኔ መጽሐፍ አድርጉልኝ አልኩ እንጂ ካርታ አድርጉልኝ አላልኩም» አለ። «ቁማር ልጫወትበት?»

እኔ ተንበርክኬ ወረቀቱን መልቀም ጀመርኩ።

«አባታችሁን አውቅ ስለነበር ነው ዝም የምለው» አለ ሰውየው፣ ትንሽ አዝኖ። «ሰኞ ጠዋት መርማሪዎቹ ኮሌጁ ይመጣሉ። ዛሬ ማታ እወስደዋለሁ። ካልሆነ ሥራውን ለሌላ ቤት መስጠቴ ነው፤ አትቀየሙኝ።»

ያ ኮሌጅ ከሄደ ጥረዛ ቤቱ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላው ደንበኛ ለሻይ እንኳ አይሆንም። ሰዓቴ ኮቱን አወለቀ። አሮጌውን ሙጫ ፋቀ፣ እኔ የላላውን ስፌት አጠበቅሁ። መጫኛው በአንድ ጊዜ አምስት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀብቶ አስገባ። ደወሉ ጮኸ። አንዱን አውጥቶ ለበጠ፤ ተጨማደደ። ጨርቁን ገፎ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውን ሞከረ፤ ደርቋል። የቀሩትንም ሙጫቸውን ፋቀ። እንደገና ቀባ፣ እንደገና ተበላሸ። ከቀትር አለፈ። ከዚያ ብሩሹን ከሙጫው ጣሳ ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ፤ ሥራ ሲያቆም እንጂ እንዲያ አድርጎ አያስቀምጠውም። መደርደሪያውን ዞሮ መጣና ፊቴ ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል።

«ወንድም ጋሼ።»

«አቤት።»

«አትስጠኝ ብዬህ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

«አላጨስም። እይዛታለሁ ብቻ። እንደ ድሮው፣ ለሰዓት።»

እንቢ ማለት እችል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን እንቢ ብል የሚናገረው ማን ነው? ወንድሙ ነው ወይስ በየሁለት ቀኑ መርፌ የሚወጋው ሰውዬ? መለየት አቃተኝ። ደግሞ ያች ተራ ከመጀመሪያውም የእኔ ነበረች።

«እኔ ልያዝልህ» አልኩት።

አየኝ። «አንተ? በዚህ ደረትህ?»

«አንተ ሥራህን ሥራ። እኔ እይዛለሁ።»

እርሱ አምስቱን ቀብቶ መጫኛው ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ኪሴ ካለው ፓኬት አንዲቷን አወጣሁ። እጄ ላይ ሆና ክብሪቱን እርሱ ጫረላት። ለመለኮስ አንዴ መሳብ አለ፤ ሳብኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። መጫኛው አጠገብ ሄጄ ቀጥ አድርጌ ይዤ ቆምኩ። ጭሱ ዓይኔ ገባ። ጉሮሮዬን ያዘኝ። ነገ ለማሽኑ ቀጠሮዬ ስለሆነ በደረቴ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል፤ ሳሉ ሲጀምረኝ አላቆም አለ። በጉልበቴ ወረድኩ። ይህን ጊዜ ምንም አልጨመርኩበትም። ምስክሬ እርሱ ፈጣሪ ነው፣ ቅንጣት አልጨመርኩም።

«ተው! ትሞትብኛለህ እኮ!» ብሎ ሲጋራዋን ከእጄ ነጠቀኝ።

ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ፣ ሲጋራዋን ከፊቱ አርቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። አባታችን ያቆመው ቦታ ላይ ነው። ሳሌ እስኪበርድልኝ እያየሁት ነበር። ሲጋራዋ ወረደች፣ ወረደች፣ ጣቱ አጠገብ ስትደርስ መሬት ላይ ጣላትና ጨርቁን ለበጠ። አምስቱም ልክ እንደ ሐር ተኙ። በሠላሳ ዘጠኝ ቀን የመጀመሪያው ደህና ጀርባ ነው። በመዳፉ ዳበሰው።

«ወንድም ጋሼ፣ ንካው እስቲ!»

ነካሁት። «አባባ ቢያይ» አልኩ።

«አየህ? መያዝ ብቻ ነው።» ፊቱ በርቶ ነበር። የልጅነቱን ፊት አየሁ።

ሁለተኛዋን ግን መለኮስ ነበረበት። ሳልስብ እለኩሳለሁ ብሎ ክብሪቱን ጫፏ ላይ ሲያቆይ እሳቱ ጣቱን ፈጀው፤ ግን በአፉ አልነካትም፣ ተለኮሰች። አሁንም ክንዱን ዘርግቶ ያዛት። እኔ በሆዴ ጸሎቴን ጀመርኩ። አልተጣደፍኩም። ሁለተኛዋም አለቀች፤ ሌሎች አምስት ጀርባዎች እንደ ሐር ተኙ። ይህ ሰው ይችላል ብዬ አሰብኩ። ይህን ነገር የማያውቀው ዓለም ሁሉ አይችልም ቢለው እንኳ እርሱ ይችላል አልኩ።

ሦስተኛዋን ለኮሰ። ቀን ስለደከመ ነፋሱ ቆሞ ሲጋራዋ ታዘግማለች። ክንዱ ደክሞት ትንሽ አጠፈው። አንድ መጽሐፍ ከመጫኛው ጫፍ ወጣ ብሎ ኖሮ እርሱን በግራ እጁ ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። ዓይኑም ልቡም መጽሐፉ ላይ ነበር። ቀኝ እጁ ለብቻዋ ተነሣች። ቀስ ብላ፣ ቤቷን እንደምታውቅ ከብት፣ ወደ አፉ ሄደች።

አየሁ። አፌ ውስጥ ስሙ ነበር። «ሰዓቴ» ብል ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ እስከ አሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ያን ጊዜም፣ ልጅ ሳለ፣ በዚያው አቅጣጫ ተቀምጬ፣ ይህችኑ እጅ አይቼ፣ ዝም ብዬ ነበር። ለሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ያለ አንደበት ባንድ ቀን አይፈታም መሰለኝ።

ሁለቴ ሳበ። በሁለተኛው ላይ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ጭሱ ገና አፉ ውስጥ ሳለ ዓይኖቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ?» አለኝ።

«አየሁ።»

ጭሱ ከአፍንጫው ወጣ። ትከሻው ወረደ። ሲጋራዋን ተመለከታት፣ ገና ግማሿ ነበረች። ከዚያ አጨሳት። ሁሉንም። እያለቀሰ ነበር፤ እንባው ሲወርድ አይጠርገውም፣ አንዱ እጁ መጫኛው ላይ ስለነበር። ስታልቅ ጨርቁን ለበጠ። እንደ ሐር ተኛ። አራተኛዋን ከኪሴ ራሱ አወጣት፤ እኔም የኮቴን ደረት ገለጥ አደረግሁለት።

ማታ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መጥቶ ሃያውን አንድ በአንድ ዘቀዘቃቸው። አንድ ወረቀት አልወደቀም። «እጃችሁ ይባረክ! ይህ ነው የአባታችሁ ሥራ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ «እስቲ ጣትህን» አለችው። ዘረጋላት። ቀልድ አልተናገረም። አሸተተች፤ ቆየች። እርሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እጁን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። «ግቡ፣ ቁርስ ብሉ» አለች። ያን ቀን ጸሎቷን አልሰማሁም።

ሰኞ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«ዝም ብንልስ?» አለኝ ሰዓቴ፣ በሹክሹክታ። «ምናልባት ባይታይ?»

መጨረሻውን ጠበቅሁ።

«ይታያል አይደል?» አለ።

«ይታያል።»

ዶክተሯ ጠርታን ገና ሳንቀመጥ፣ «አትድከሚ፣ ዶክተር። ዓርብ አጭሻለሁ» አለ። ብዕሯን አስቀመጠች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ፓኬቱ እኔ ኪስ ነበር።»

«እርስዎ?» መነጽሯን አወለቀች። «እርስዎ ራስዎ? ለምን?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። አባቴን ልነግራት፣ ሳሌን ልነግራት፣ ሃያውን መጽሐፍ ልነግራት እችል ነበር። የወጣኝ ግን፣ «ሙጫው እስኪይዝ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

አልገባትም። እንዴት ይገባታል? ሰው ናትና ግን ፋይሉን አልዘጋችውም። ኮሪደሩ ላይ እንድንጠብቅ ነገረችን። ዛሬ ኮሚቴው አለ፤ እጠይቅላችኋለሁ፣ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም አለች። ፋይሉን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ይኸው አግዳሚው ላይ ነን። ሰዓቴ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ አየር ልቀበል» አለኝ።

«እሺ።»

«አየር ብቻ ነው።»

«እሺ አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።»

ኮቱን ጭኔ ላይ ትቶልኝ በብረቱ በር ወጣ። ኪሱን በእጄ ዳበስኩት፤ ምንም የለበትም። በበሩ ፊት ለፊት ግን አንዲት ሱቅ እንዳለች ሁለታችንም እናውቃለን። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ። የክብሪት ድምፅ ከሺህ ድምፅ መካከል ብትሆን እለያታለሁ። እስከ አሁን ክብሪት አልተጫረም። በሩ ግን ወፍራም ነው።